ቁልፍ ሳይነካ ለሚሰረቅ መኪና ማን ይጠየቃል?

ለኬንት ከተማ ምክር ቤት
ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ለኬንት ፖሊስ መምሪያ
ኬንት፣ ዋሺንግተን

ጉዳዩ፦ በኤሌክትሮኒክ ዘዴ የሚፈጸም የመኪና ስርቆትን ይመለከታል

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በኬንት ነዋሪነቴና መኪና ነድቼ የማድር ሰው በመሆኔ ነው። በአማርኛ የጻፍኩት ጉዳዩ በቀጥታ የሚነካቸው ወገኖቼ ቀድመው እንዲያነቡት ብዬ ነው፤ እናንተ ዘንድ አስተርጓሚ አይጠፋም። አራት ጥያቄዎች አሉኝ። አራቱም የሚነሡት ከአንድ እምነት ነው፦ ዛሬ ብዙ መኪና የሚሰረቀው ባለቤቱ ስለተዘናጋ ሳይሆን የተሸጠለት መቆለፊያ ደካማ ስለሆነ ነው። ጥፋቱ የሌላ ሆኖ ሳለ ዕዳውን የሚከፍለው ግን እስካሁን ባለመኪናው ብቻ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ እነማን እንደምናገር ልግለጽ። ኬንት በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ከ136 ሺህ በላይ ነዋሪ የተቆጠረባት፣ በትምህርት ቤቶቿ ከመቶ በላይ ቋንቋዎች የሚነገሩባት ከተማ ናት። ከቋንቋዎቹ አንዱ አማርኛ ነው። በሲያትል የቤት ኪራይ አልቀመስ ሲል ወደ ደቡብ የወረዱ ብዙ ኢትዮጵያውያን ዛሬ በኢስት ሂልና በዌስት ሂል፣ እንዲሁም በአጎራባቾቹ በሬንተን፣ በተክዊላና በሲታክ ይኖራሉ። አንዱ ኤርፖርት ላይ ታክሲ፣ ኡበር ወይም ሊፍት ይነዳል። ሌላው በሸለቆው መጋዘኖች የሌሊት ፈረቃ ይገባል። ሌላዋ አረጋውያንን ለመንከባከብ ከቤት ቤት ስትዞር ትውላለች። በዲሴምበር 2025 ላይት ሬሉ ኬንት ዲ ሞይን ጣቢያ መድረሱ ለብዙዎቻችን እፎይታ ነው፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተሳፋሪ ለሚያነሣ ወይም ፈረቃ ለሚገባ ሰው ግን ባቡሩም ቆሟል። እንዲህ ላለ ሰው መኪናው ከተሰረቀ የጠፋው መጓጓዣው ብቻ አይደለም፤ እንጀራውም አብሮ ሄዷል።

የኢንሹራንሱ ነገር ደግሞ ጉዳቱን ያባብሰዋል። የዋሺንግተን ሕግ የሚያስገድደው በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፈለውን መድን ብቻ ነው፦ ለአንድ ሰው የአካል ጉዳት 25 ሺህ፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱ በድምሩ 50 ሺህ፣ ለንብረት 10 ሺህ ዶላር። ይህ መድን ለስርቆት አንድ ሳንቲም አይከፍልም። መኪናው ሲጠፋ የሚከፈለው “ፉል ከቨር” ለገባ ሰው ነው። የቆየች ፕሪየስ ወይም ካምሪ የሚነዳና ወርሃዊ ክፍያ ለመቀነስ ሲል ትንሹን መድን የያዘ አሽከርካሪ፣ ጠዋት ተነሥቶ ባዶ ቦታ ሲያገኝ በእጁ የሚቀረው የፖሊስ ሪፖርት ቁጥር ብቻ ነው። መኪናውን በብድር የገዛ ከሆነም የሌለ መኪና ዕዳ መክፈሉን ይቀጥላል።

ለዚህ ሰው የሚሰጠው ምክር ደግሞ ዛሬም ያው ነው፦ መኪናህን ቆልፍ፣ ቁልፉን ይዘህ ሂድ፣ ዕቃ በመስኮት አይታይ። ምክሩ ክፉ አይደለም። መስታወት ሰብሮ ቦርሳ ለሚወስድ ሌባ ዛሬም ይሠራል። ነገር ግን ባለቤቱ ይህን ሁሉ አድርጎ በተኛበት መኪናው የሚሄድባቸው መንገዶች አሉ። ሦስቱን ላስረዳ።

የመጀመሪያው መላ ሲያትልንና አካባቢዋን ያመሰው የኪያና የሃዩንዳይ ጉዳይ ነው። ከ2011 እስከ 2021 የተሠሩ ብዙ የኪያ፣ ከ2015 እስከ 2021 የተሠሩ ብዙ የሃዩንዳይ መኪኖች፣ ማለትም ቁልፍ ተከቶ በመጠምዘዝ የሚነሡት፣ ኢሞቢላይዘር ሳይገጠምላቸው ተሸጡ። ኢሞቢላይዘር በቁልፉ ራስ ውስጥ ያለችው ቺፕ ትክክለኛውን ምልክት ካልሰጠች ሞተሩ እንዳይነሣ የሚያግድ መሣሪያ ነው። የመድን ኩባንያዎች የሚደግፉት የጥናት ተቋም እንዳሳየው፣ በ2015 ሞዴል ከሁለቱ ኩባንያዎች መኪኖች ይህ መሣሪያ በመደበኛነት የነበራቸው 26 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ፤ በሌሎቹ አምራቾች ዘንድ 96 በመቶ ደርሶ ነበር። በ2022 ዘዴው በቲክቶክ ሲዛመት፣ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆች ሳይቀሩ መኪና ማስነሣት ቻሉ። የፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት በፌብሩዋሪ 2023 ባወጣው መግለጫ ከእነዚህ ስርቆቶች ጋር የተያያዙ ቢያንስ 14 ግጭቶችና 8 ሞቶች እንደተመዘገቡ ገልጿል። በዚያው ወቅት ኩባንያዎቹ ለ8.3 ሚሊዮን ያህል መኪኖች ነፃ የሶፍትዌር ማሻሻያ እንደሚሰጡ አስታወቁ።

ሁለተኛው ቁልፍ ኪስ ውስጥ ሆኖ በር የሚከፈትባቸውንና በአዝራር የሚነሡትን መኪኖች የሚመለከት ነው። መኪናው በደካማ የሬዲዮ ሞገድ “አለህ ወይ?” እያለ ይጠይቃል፤ ሪሞቱ አጠገቡ ከሆነ በሚስጥር ኮድ “አለሁ” ብሎ ይመልሳል፤ በሩም ይከፈታል። ሌቦቹ ሁለት ሆነው ይመጣሉ። አንዱ መሣሪያ ይዞ የቤቱ በር አጠገብ፣ ሌላው መኪናው ዘንድ ይቆማል። በገጠር ሰው ከጋራ ወደ ጋራ እየተጣራ መልእክት እንደሚቀባበለው ሁሉ እነዚህም የመኪናውን ጥያቄ ወደ ሪሞቱ፣ የሪሞቱን መልስ ወደ መኪናው ያቀባብላሉ። ሪሞቱ በርዎ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ መኪናው ግን ባለቤቱ አጠገቡ የቆመ ይመስለዋል። ኮዱን የሰበረ ሰው የለም። ችግሩ መኪናው ድምፁን እንጂ ርቀቱን አለመለካቱ ነው። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም፤ በስዊዘርላንድ የዙሪክ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከስምንት አምራቾች የተውጣጡ 10 የመኪና ሞዴሎችን በዚህ መንገድ ከፍተው ውጤቱን ይፋ ካደረጉ ከ10 ዓመት በላይ ሆኗል። የጀርመን የመኪና ባለቤቶች ማኅበር አዳክም ከ2016 ጀምሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሞዴሎችን ፈትኖ አብዛኞቹ እንደሚከፈቱ አሳይቷል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይብሳል፤ ሪሞቱን ከነጭራሹ አይፈልገውምና። በዘመናዊ መኪና ውስጥ መብራቱ፣ በሩና ሞተሩ ሁሉ በአንድ የመረጃ መስመር ይነጋገራሉ። በ2022 ለንደን ውስጥ የአንድ የመኪና ሳይበር ደህንነት ባለሙያ ቶዮታ ራቭ4 በተደጋጋሚ ባምፐሩ ተነቅሎና የፊት መብራቱ ገመድ ተነካክቶ ከተገኘ በኋላ መኪናው ተሰረቀ። ባለሙያው ከሙያ ጓደኛው ጋር ነገሩን ሲመረምር፣ ሌቦቹ የገቡት በፊት መብራቱ ሽቦ በኩል እንደነበረ ደረሰበት፤ ተራ የብሉቱዝ ስፒከር በሚመስል መሣሪያ “ቁልፉ ትክክል ነው” የሚል ሐሰተኛ መልእክት ወደ መስመሩ ልከው ነበር። ግኝቱ በኤፕሪል 2023 ታተመ። ሪሞቱን በብረት ሣጥን ቆልፎ የተኛ ሰው እንኳ ከዚህ አይድንም።

እንግዲህ በሦስቱም ውስጥ የባለቤቱ ጥፋት የት አለ? ካናዳ ከሴፕቴምበር 2007 ጀምሮ በሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች ላይ ኢሞቢላይዘር አስገድዳለች። የአውሮፓ ኅብረት ከ1998 ጀምሮ አስገድዷል። በአሜሪካ ግን ይህን የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም። ከኬንት ተነሥቶ በሦስት ሰዓት ገደማ ካናዳ ቫንኩቨር የሚደርስ ሰው፣ እዚያ የሚያያቸው የኪያና የሃዩንዳይ መኪኖች ያ መሣሪያ ተገጥሞላቸዋል። ኩባንያው እንዴት እንደሚሠራ ያውቅ ነበር፤ ሕግ ባለበት አገር ገጠመው፣ ሕግ በሌለበት ተወው። በዚህ ምክንያት የሲያትል ከተማ በጃንዋሪ 2023 ሁለቱን ኩባንያዎች በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰች። በዲሴምበር 2025 ደግሞ የ35 ግዛቶች ዐቃብያነ ሕግ ከኩባንያዎቹ ጋር በደረሱበት ስምምነት፣ ወደፊት በአሜሪካ የሚሸጡ መኪኖቻቸው ሁሉ ኢሞቢላይዘር እንዲኖራቸው፣ ለነባሮቹም ቁልፍ የሚገባበትን ሲሊንደር የሚከላከል በዚንክ የተጠናከረ ብረት በነፃ እንዲገጠም ተወሰነ። ባለሥልጣናት ሲጠይቁ ኩባንያ ይሰማል ማለት ነው። አንድ አሽከርካሪ ብቻውን ሲጮኽ ግን ማንም አልሰማውም።

“ስርቆቱ እኮ ቀንሷል” የሚል መልስ ሊመጣ እንደሚችል አውቃለሁ። እውነት ነው። በመላ አገሪቱ በ2023 ከ1 ሚሊዮን በላይ የነበረው የተሰረቀ መኪና ቁጥር በ2024 ወደ 850 ሺህ ገደማ ወርዷል። ነገር ግን ለምን እንደወረደ እንመልከት። ያው የመድን ጥናት ተቋም ሶፍትዌሩ የተጫነላቸው የኪያና የሃዩንዳይ መኪኖች የስርቆት ካሳ ጥያቄ ካልተጫነላቸው በ53 በመቶ ያነሰ መሆኑን አረጋግጧል። መቆለፊያው ሲታረም ስርቆቱ ቀነሰ። ይህ የእኔን ነጥብ የሚያጠናክር እንጂ የሚያፈርስ አይደለም። ከዚያው ጥናት ሌላ ትምህርትም አለ፦ ሶፍትዌሩ የሚሠራው መኪናው በሪሞት ሲቆለፍ ነው፤ በሩ ላይ ያለውን መቆለፊያ ተጭኖ የሚሄድ ሰው ማሻሻያው ተጭኖለትም ያለ ጥበቃ ይቀራል። ይህቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር በአማርኛ የነገራቸው ሰው የሌላቸው ስንት ናቸው?

“ፖሊስ እንዳያሳድድ የከለከለው ሕግ ነው ያበላሸው” የሚሉም አሉ። በ2021 ማሳደድን የገደበው የግዛቱ ሕግ በ2024 ላልቷል፤ ከዚያ ዓመት ጁን ጀምሮ ፖሊስ በምክንያታዊ ጥርጣሬ ማሳደድ ይችላል። የፖሊስን ሥራ አላጣጥልም። ነገር ግን ማሳደድ የሚጀምረው መኪናው ከሄደ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። በዚያ ላይ የሚሳደደው የእኔ መኪና ነው፤ ግንብ ጋር ተላትሞ ቢገኝ ተገኘ ተብሎ ይመዘገብልኛል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ የሚከተሉትን ነው።

አንደኛ፣ ማስጠንቀቂያው ሰው በሚያነበው ቋንቋና ሰው በሚገኝበት ቦታ ይድረስ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል መሥሪያ ቤት በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት እንግሊዝኛ የማይችለውን ነዋሪ ከአገልግሎቱ ሊያስቀረው አይገባም። አንድ ገጽ በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በፑንጃቢና በስፓኒሽ ማዘጋጀት የከተማውን በጀት አያናጋም። ወረቀቱም ከድረ ገጹ ጥግ ወጥቶ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መስጊድ ደጃፍ፣ እንጀራ በምንገዛባቸው ሱቆችና አሽከርካሪዎች ተራ በሚጠብቁበት የኤርፖርት ማቆሚያ ይድረስ። በዚያው ቀን አንድ ፖሊስና አንድ የሻጭ ኩባንያ ቴክኒሻን አብረው ቢመጡ፣ የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር አይቶ ማሻሻያው ይገባዋል ወይስ አይገባውም ብሎ መንገር የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ ለዚሁ የተቀመጠ ገንዘብ አለ፤ ይምጣልን። የግዛቱ ምክር ቤት በ2007 ባወጣው ሕግ የዋሺንግተን የመኪና ስርቆት መከላከያ ባለሥልጣንን ሲያቋቁም ገንዘቡ ከየትራፊክ ቅጣቱ ላይ ከሚታሰብ 10 ዶላር እንዲመጣ አድርጓል። ሌትና ቀን መንገድ ላይ የሚውል አሽከርካሪ ለዚህ ቋት ከማንም ይልቅ ያዋጣል። ሕጉ ገንዘቡን ለምርመራና ለክስ ብቻ አልወሰነውም፤ መከላከልንና የሕዝብ ትምህርትንም ይጨምራል። ከተማችን ከዚህ ድጋፍ ጠይቃ የመሪ መቆለፊያ ብረት፣ ሞገድ የማያሳልፍ የሪሞት ከረጢትና ለአሮጌ መኪኖች የሚገጠም ኢሞቢላይዘር ታድል። ቅድሚያውም መኪናቸው መተዳደሪያቸው ለሆነና በአፓርትመንት ክፍት ማቆሚያ ለሚያሳድሩ ይሁን፤ ጋራዥ ያለው ሰው ቢያንስ በር አለው።

ሦስተኛ፣ የተሰረቀ መኪና ሲገኝ ባለቤቱ ሁለተኛ አይሰረቅ። የተገኘ መኪና ብዙ ጊዜ ወደ ጎታች ድርጅት ግቢ ይወሰዳል፤ ባለቤቱም የመጎተቻውንና የየዕለቱን ማቆያ ሳይከፍል አያወጣውም። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ በፖስታ ሲመጣ፣ የሚያነብለት እስኪያገኝ ድረስ ሒሳቡ ይቆጥራል። ፖሊስ መኪናውን ባገኘበት ሰዓት በሪፖርቱ ላይ በተመዘገበው ስልክ፣ በባለቤቱ ቋንቋ፣ መጥቶ እንዲወስድ ዕድል ይስጠው። መምጣት ካልቻለም የመጎተቻውን ወጪና የመጀመሪያዎቹን ቀናት ማቆያ የሚሸፍን አነስተኛ የከተማ ፈንድ ይቋቋም። የተጎዳ ሰው ለመጎዳቱ ደረሰኝ ሊቆረጥለት አይገባም።

አራተኛ፣ ድምፃችሁን ወደ ኦሎምፒያና ወደ ኮንግረስ አሰሙ። ኢሞቢላይዘር በአሜሪካ ሕግ ይገደድ። በአዝራር የሚነሡ መኪኖችም ርቀት በሚለካ ሪሞት ይሸጡ። ሞገዱ ሄዶ ለመመለስ የፈጀበትን ቅጽበት ቆጥሮ ሪሞቱ በእርግጥ አጠገቡ መሆኑን የሚያረጋግጥ ቴክኖሎጂ አለ፤ አንዳንድ አምራቾች በ2018 መግጠም ጀምረዋል። ሳይንቀሳቀስ ሲቀመጥ የሚያንቀላፋ ሪሞትም አለ። ይህ ሁሉ ውድ መኪና ለሚገዛ ብቻ የሚሰጥ ጌጥ ሆኖ መቅረት የለበትም። የግዛቱን የኢንሹራንስ ኮሚሽነርም፣ ተጨማሪ መከላከያ ላስገጠመ ሰው ኩባንያዎች ክፍያ እንዲቀንሱለት እንዲጠይቁ አሳስቡልን።

እስከዚያው ድረስ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። ደብዳቤው እጃችሁ ለደረሰ ወገኖቼም ጥቂት ቃል ልበል። ሪሞታችሁን በር አጠገብ አታስቀምጡ፤ ትርፉንም አትርሱት። ሞገድ የማያሳልፍ ከረጢት ከገዛችሁ ሪሞቱን ከትታችሁ መኪናው አጠገብ ቁሙና በሩን ሞክሩ፤ ከተከፈተ ከረጢቱ አይረባም። በብዙ የቶዮታ ሪሞቶች የመቆለፊያውን አዝራር ተጭናችሁ እንደያዛችሁ የመክፈቻውን ሁለት ጊዜ ብትጫኑ ሪሞቱ ሞገድ መላኩን ያቆማል፤ ከመኪናው ጋር የመጣውን መጽሐፍ ተመልከቱ። ያገለገለ መኪና ስትገዙ የቀድሞ ቁልፎች በሙሉ ከመኪናው ማኅደረ ትውስታ እንዲሰረዙ አስደርጉ። የመሪ ብረት አሮጌ ነገር ነው ብላችሁ አትናቁት፤ በሬዲዮም በሽቦም የመጣ ሌባ መጨረሻ ላይ መሪውን ማዞር አለበት። 17 ፊደልና አኃዝ ያለውን የሻንሲ ቁጥርና ታርጋችሁን ስልካችሁ ላይ ያዙ፤ ፖሊስ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። 911 ስትደውሉ “አማርኛ” ካላችሁ አስተርጓሚ ይፈለግላችኋል። የደበቃችሁት መከታተያ መኪናው የት እንዳለ ቢያሳያችሁም ብቻችሁን አትሂዱ፤ መኪና ይተካል።

ክቡራን የምክር ቤት አባላት፣ እኛ ለራሳችን ማድረግ የምንችለው ይህን ያህል ነው። ከረጢት መግዛት እንችላለን፤ የፊት መብራቱን ሽቦ ግን መጠበቅ አንችልም። ብረት ማሰር እንችላለን፤ ኩባንያ ማስገደድ ግን አንችልም። ያንን ማድረግ የሚችለው የሕዝብ ድምፅ የያዘ አካል ነው። ስለሆነም እነዚህ አራት ጥያቄዎች በቅርቡ በሚደረግ መደበኛ ስብሰባችሁ አጀንዳ ሆነው እንዲያዙ፣ በዕለቱም የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲመደብ፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ በማን፣ መቼና በምን በጀት እንደሚሠራ፣ የማይሠራ ካለም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልን እጠይቃለሁ። መልሱን ይህ ደብዳቤ በተነበበበት ቦታ ሁሉ እናነብበዋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

ከኢስት ሂል፣ ኬንት
አንድ አሽከርካሪ

ግልባጭ፦
ለዋሺንግተን ግዛት የኢንሹራንስ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት
ለዋሺንግተን የመኪና ስርቆት መከላከያ ባለሥልጣን
በኬንትና በአካባቢዋ ለሚገኙ የኢትዮጵያውያን አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና ማኅበራት